ከሁለት እስከ ሦስት

ሐኪሙ የልብ ምቴ የተመዘገበበትን የኢሲጂ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ከአሮጌ ፎርም ጫፍ ቁራጭ ቀደደ። ቁራጩን ከሾሉት መስመሮች ሥር አስጠግቶ ሁለት ሹሎች ባሉበት ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ገፋው። ምልክቶቹ ቀጣዮቹ ሹሎች ላይ አላረፉም። እንደገና ገፋው፤ አሁንም አልገጠመም። «አየሽ?» አለኝ። «የጤነኛ ሰው ቢሆን የትም ብወስደው ይገጥማል። ያንቺ ግን አንዱም ከሌላው ጋር እኩል አይደለም።»

ጊዜው ግንቦት 2008 ዓ.ም. ነው። ሠላሳ አንደኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ፣ ከአየር ጤና ብዙም በማይርቅ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ያ ወረቀት ፊቴ እስኪዘረጋ ድረስ ዓመት ያህል የሌላ ሰው በሽታ ስታከም ነው የከረምኩት። አንዱ ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ ኦሜፕራዞል ሰጠኝ። ሌላው ደም ማነስ ነው አለ። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ምርመራ ሳያስፈልግ ያለቀ ጉዳይ ነበር፤ ድንጋጤ ነው። «አንድ ነገር አስደንግጧት ነው» ይባባሉ ነበር ቡና ላይ፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ።

ነገሩ ሕመም ሕመም አይልም ነበር። ሰሌዳ ላይ ጽፌ ወደ ልጆቹ ስዞር ልቤ ድንገት ሥርዓቱን ይለቃል፤ ማርሽ እንዳመለጠው ሚኒባስ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይሄድም። ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ጠመኔዬን እንደያዝኩ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጭ እላለሁ። ከታክሲ ወርጄ ወደ ቤት የሚወስደውን ዳገት እያረፍኩ ነው የምጨርሰው፤ ለማረፌ ሰበብ እንዲሆነኝ ስልኬን አውጥቼ የማወራ እመስላለሁ። ማታ በአንድ ትራስ መተኛት ቀረ። ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ፣ መጨረሻ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ማንጋት መጣ።

ከኢሲጂው በፊት ሐኪሙና ነርሷ አንድ ሌላ ነገር አድርገው ነበር። እሱ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጎ፣ እሷ የእጄን ትርታ ይዛ፣ ሁለቱም አንዱን የግድግዳ ሰዓት እያዩ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠሩ። እሱ 132 አለ። እሷ 98። አንዳቸው ተሳስተዋል ብዬ እንደገና እስኪቆጥሩ ጠበቅሁ፤ አልቆጠሩም። ልቤ ሳይሞላ እየተቻኮለ ስለሚመታ፣ አንዳንዱ ምት እጄ ድረስ የሚዘልቅ ደም አይገፋም ነበር። ደረቴ ውስጥ እየጮኸ እጄ ላይ የማይሰማ ልብ! የዓመቱ ድካሜ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ነበር።

«ልጅ ሆነሽ ቶንሲል ያምሽ ነበር?» ሲለኝ አፌን ሳልከፍት እናቴ ቀደመችኝ። «ኧረ ዶክተር፣ ቶንሲል ብቻ መሰለዎት! እንጥሏን ሁሉ አስቆርጬላታለሁ። በዚያው ሰሞን ጉልበቷ አብጦ አልራመድ ብላ ወጌሻ ሲያሽላት ነበር።» ሐኪሙ የፈለገው መልስ ይሄው ነበር። ሲያስረዳን ከዚያ ጉልበት ነው የጀመረው። ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ሰውነት ራሱን እንዲዋጋ ሊያደርገው ይችላል፤ መጀመሪያ መገጣጠሚያን ያሳብጣል፣ ያ ይሽራል። ልብ ላይ ያሳረፈው ጠባሳ ግን አይሽርም፤ ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚሉት ይህን ነው። ኤኮ የሚሉት የልብ አልትራሳውንድ ሲነሳ በግራ በኩል ላይኛውን የልብ ክፍል ከታችኛው የሚለየው በር ጠቦ፣ ከንፈሩ ወፍሮ ተገኘ። ደሙ በጠባብ በር ለማለፍ ሲጋፋ ላይኛው ክፍል ዓመት በዓመት ተለጠጠ፤ ተለጥጦ ተለጥጦ ትእዛዝ የሚያስተላልፍበት መስመር ተበጣጠሰ። አሁን መኮማተር ትቶ ይርገበገባል። የዚህ ስሙ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ በአብዛኛው ስድሳና ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው በሽታ ነው። እኔ ክትትል የጀመርኩበት ኮሪደር ወንበር ላይ ግን አብዛኞቻችን ነጠላ ያጣፋን፣ ሂጃብ የለበስን፣ ሠላሳ ዓመት ያልደረስን ወይም ገና ያለፍን ሴቶች ነበርን። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ በ2001 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ማዕከሉን ከመክፈቱ በፊት ለማሠሪያው ብር ሲሰበሰብ እኔም የቻልኩትን ጥያለሁ። ለሰው ልጆች የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ያን ጊዜ የኔውም በር እየጠበበ ነበር።

መድኃኒቱን ይዤ ወጣሁ። ዲጎክሲን ፍጥነቱን ለመግታት፣ ላሲክስ ሳንባዬ ላይ የተጠራቀመውን ውኃ ለማስወጣት፣ በየሃያ ስምንት ቀኑ ደግሞ ዳሌ ላይ የሚወጋ ፔኒሲሊን። ፔኒሲሊኑ ያመመውን አያድንም፤ ሌላ የጉሮሮ ኢንፌክሽን መጥቶ በሩን የባሰ እንዳያጠበው ነው። የተወጋሁ ቀን ቆሜ ነው የማስተምረው፤ መቀመጥ አይቻልም። እነዚህን ሁሉ ለመድኩ። ዋና ጌታዬ የሆነው ግን አራተኛው ነው፤ ዋርፋሪን፣ እኛ ደም ማቅጠኛ የምንለው።

የሚርገበገብ ልብ ውስጥ ደም ይቆማል፤ የቆመ ደም ይረጋል፤ የረጋው ተነቅሎ ወደ አንጎል ከወጣ ሰው ጠዋት ተነስቶ ግማሽ አካሉን ያጣል። ዋርፋሪን ይህን ይከላከላል፣ መጠኑ ካለፈ ግን ራሱ ያደማል። ስለዚህ ደም ይሰጥና አይኤንአር የሚባል ቁጥር ይወጣል። መድኃኒት የማይወስድ ሰው ቁጥሩ 1 አካባቢ ነው፤ የኔ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ከ2 ሲወርድ መርጋት፣ ከ3 ብዙ ሲያልፍ መድማት። ኑሮዬ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ገባ።

የታዘዘልኝ ባለ 5 ሚሊ ግራሙ ነበር፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አንድ ሙሉ፣ በተረፈው ቀን ግማሽ። ፍሬው ትንሽ ነው፤ መሐሉ ላይ ያለውን መስመር ተከትሎ በአዲስ ምላጭ ካልተቆረጠ ይፈረካከሳል። እሑድ እሑድ ማታ ነጭ ወረቀት አንጥፌ የሳምንቱን እቆርጥና ፍርፋሪውን በጣቴ ለቅሜ ከየትኛው ግማሽ እንደወደቀ እገምታለሁ። ግድግዳ ላይ ያለው የቅዱሳን ሥዕል ያለበት ካላንደር ላይ ሙሉ የምውጥበትን ቀን አከብበዋለሁ። አንድ ቀን የመጡ የንስሐ አባቴ ክቦቹን አይተው «ልጄ፣ ይህን ሁሉ በዓል ታከብሪያለሽ?» አሉኝ።

ኮሪደሩ ላይ አንድ የአስኮ ሰው ዋርፋሪን የአይጥ መርዝ ነው ብሎ ሁላችንንም አስደንግጦን ነበር። ቤት ሄጄ ሳነብ አልዋሸም። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ አለቁ፤ ዊስኮንሲን ውስጥ ካርል ሊንክ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ከድርቆሹ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ነገር ለይቶ አወጣ። ከዚያ የተሠራው ዋርፋሪን መጀመሪያ የተሸጠው ለአይጥ ነው። ለሰው የተፈቀደው በ1954 እ.ኤ.አ. ሲሆን በዓመቱ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲታመሙ ወስደውታል። ይህን በሚቀጥለው ቀጠሮ ለአስኮው ሰውዬ ስነግረው «ታዲያ ለፕሬዚዳንቱ ፍሬውን በምላጭ ማን ይቆርጥላቸው ነበር?» አለኝ።

እናቴ ከሐኪሙ ቃል ሁሉ የያዘችው አንዱን ብቻ ነው፤ ጎመን። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ይቃረናል መባሉን ሰምታ በቤታችን ጎመን እንዳይገባ ከለከለች። ሰላጣ ወጣ፣ ቆስጣ ወጣ። ፍልሰታ ሲገባ ሽሮና ምስር ብቻ ሆንን። ከጾሙ መሐል አንድ ጠዋት ጥርሴን በመፋቂያ ስፍቅ ድዴ መድማት ጀምሮ አልቆም አለ፤ ክንዴ ላይ ደግሞ መቼ እንደተመታሁ የማላውቀው ትልቅ ሰማያዊ ምልክት ወጣ። ስለካ 4.8። ሐኪሙ የበላሁትን ሲሰማ እናቴን አስጠራት። «እማማ፣ እኔ ጎመን አትብላ አላልኩም። አንድ ሳምንት ጠግባ በልታ በሌላው ሳምንት ጭራሽ እንዳትተው ነው ያልኩት። መድኃኒቱን የምመጥነው በምትበላው ልክ ነው።» እናቴ በምግብ ጉዳይ በወንድ ተገሥጻ አታውቅምና ፊቷ ተለዋወጠ። ግን ቤት እንደገባን ሕጉን አወጣች፤ ረቡዕና ዓርብ፣ አንድ አንድ ጭልፋ፣ ያውም በራሷ ጭልፋ እየለካች። ከዚያ ወዲህ ቁጥሬ ረጋ። ከሐኪሙ ማዘዣ እኩል የእናቴን ጭልፋ አመሰግናለሁ።

ያልገመትኩት ችግር ሌላ ነበር፤ የራሴን ስሜት ማመን አቃተኝ። ልቤ ሲደልቅ ፈርቼ ነው ወይስ ስለደለቀ ነው የፈራሁት? ደስ ሲለኝም ያው ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ያለው የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከሥሩ የነበሩ ቤቶችን ዋጠ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። በሳምንቱ ከትምህርት ቤት መምህራን ሆነን ለቅሶ ሄድን፤ ከአንዱ ድንኳን ወጥተን ወደ ሌላው እንገባለን፣ ፎቶ የታቀፉ እናቶች ደረት ይመታሉ። ሦስተኛው ድንኳን ውስጥ ልቤ ተነሳ። የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነጠላዬ ውስጥ ሁለት ጣቴን የእጄ አንጓ ላይ አደረግሁ። ሐኪሙ እንዳስተማረኝ አንድ ደቂቃ ሙሉ፤ የኛ ትርታ ወጥ ስላልሆነ አሥራ አምስት ሴኮንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት አያዋጣም። 104። ሐዘን ነው፣ በሽታው አይደለም አልኩና አለቀስኩ። እንዲህ ለማልቀስም መቁጠር ያስፈልገኝ ነበር።

ስለ ኮሪደሩ ልናገር፤ የተማርኩት እዚያ ነውና። በስም አንጠራራም፣ በሰፈር ነው። የአስኮው፣ የቤቴሏ፣ የወይራዋ። እኔ ቲቸር ነኝ። ጋሼ በያጁ ደግሞ በሥራቸው። ኮልፌ አጠና ተራ አጠገብ የብረት በርና መስኮት ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የሳቸው ልብ የኛ ተቃራኒ ነበር። የኛ ሲሮጥ የሳቸው ይዘገያል፣ በደቂቃ ሠላሳ ምናምን። ከላይኛው ክፍል የሚወርደው ትእዛዝ መሐል ላይ ተቋርጦ ታችኛው ክፍል በራሱ ጊዜ ነበር የሚመታው። መሰላል ላይ ሆነው ራሳቸውን ሳቱ፤ ሰዎች የሚጥል በሽታ ነው ብለው ክብሪት አሸተቷቸው። በመጨረሻ ከውጭ የመጣ የሐኪሞች ቡድን ይዞት በመጣ ፔስሜከር፣ የልብን ምት በሚያስጠብቅ መሣሪያ፣ ዳኑ። ከግራ ትከሻቸው ዝቅ ብሎ፣ ደረታቸው ላይ ከአንገት አጥንቱ ሥር፣ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ጉብታ አለ። አዲስ ሰው ኮሪደሩ ላይ ሲመጣ ሸሚዛቸውን ከፈት አድርገው «ንኪው፣ አይዞሽ፣ አይነዝርም» ይላሉ።

መሣሪያው ሕይወታቸውን መልሶ ሙያቸውን ወሰደ። ከብየዳ ማሽን የሚወጣው ኃይል ፔስሜከሩን ሊያውከው ይችላልና ከብየዳ ይራቁ ተባሉ። አሁን ከሱቃቸው ባሻገር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠው ለልጃቸው በጩኸት ነው የሚያዙት፤ «ያዝ! ቀዝቀዝ ይበል! ማዕዘኑ ጠሟል!» ልጁ በብልጭታው መሐል ምን ያህሉን እንደሚሰማ እንጃ። በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ፔስሜከር ሰውነቱ ውስጥ የተቀበረለት ስዊድናዊ፣ አርነ ላርሶን፣ በ1958 እ.ኤ.አ. የተደረገለት መሣሪያ በሰዓታት ውስጥ ሥራ እንዳቆመ፣ ከዚያ በኋላ ግን በጠቅላላው 26 ቀያይሮ እስከ 86 ዓመቱ እንደኖረ ላጽናናቸው ብዬ ነገርኳቸው። «ሃያ ስድስት!» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «እኔ አንዷን ያገኘሁት በስንት ደጅ ጥናት ነው።»

የቤቴሏ ልጅ ሙሽራ ነበረች። ለባሏ ቤተሰብ በሽታዋን አልነገረችም፤ ዋርፋሪኑን የቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። አማቷ ልጅ ልጅ ይላሉ። ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ፅንስን ይጎዳል፤ ሐኪም አስቀድሞ አውቆ ለጊዜው ወደ ሄፓሪን መርፌ ይቀይረዋል። ይህን እንድትነግራቸው አንድ ጥግ ይዘን ለመንናት። ነግራቸው እንደሆነ አላወቅንም፤ የክትትል ሆስፒታሏን ቀየረች።

የወይራዋ ግን ያስቆጫል። ጠበል ገባች፣ መድኃኒት ከወሰድሽ እምነት የለሽም ያላት ሰው ነበር፣ ዋርፋሪኑን ተወችው። አፏ ጠሞ፣ ቀኝ እጇ ተንጠልጥሎ ነው እህቷ ያመጣቻት። እኔ ራሴ እጠመቃለሁ፤ ጠበልን የሚነካ ቃል ከአፌ አይወጣም። ግን በኤችአይቪ ዘመን አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱም ጠበሉም አብረው ይወሰዱ ብለው በአደባባይ የተናገሩት ለአንድ በሽታ ብቻ አልመሰለኝም። ንስሐ አባቴም «ሁለቱንም የሰጠ አንድ ነው፤ ክቡን አታጥፊው» ብለውኛል።

በ2011 ዓ.ም. ተራዬ ደርሶ ጠባቡ በር በፊኛ ተከፈተልኝ። በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ የልብን መሐል ግድግዳ ወግተው፣ በሩ መሐል ፊኛውን ለቅጽበት ይነፉታል። አላስተኙኝም። ፊኛው ሲነፋ ዓለም ለአፍታ ጨለም ብሎ ተመለሰ፤ ሐኪሙ ስክሪኑን እያየ «ጎሽ!» አለ፣ ለኔ ይሁን ለፊኛው እንጃ። በሳምንቱ ዳገቱን ሳላርፍ ወጣሁ። ትራሱም ወደ አንድ ተመለሰ። ትርታው ግን ያው ነው፣ አልተስተካከለም፤ የተለጠጠ ክፍል በሩ ስለተከፈተ ብቻ ወደ ልኩ አይመለስም። ምላጩም ካላንደሩም ቀጠሉ።

ኮሮና ሲገባ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ታክሲ በግማሽ ሰው በእጥፍ ዋጋ ሆነ። እኛ ከአየር ጤና ማዶ ያለን ሰዎች ደም ለመስጠት የደርሶ መልሱን ሒሳብ ስናሰላ ቀጠሮ መዝለል ጀመርን። መድኃኒቱን የብዙ ወር አድርገው ሰጡን፤ ቁጥሩን ግን የብዙ ወር አድርጎ የሚሰጥ የለም። ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር ጠዋት በማለዳ እስከ ጦር ኃይሎች በእግሬ እየሄድኩ ከዚያ ባቡር እይዝ ነበር። በፊኛው የተመለሰልኝን ትንፋሽ የተጠቀምኩበት ለዚህ ነው።

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ይህን ሰምታ አዲሱን መድኃኒት፣ ሪቫሮክሳባንን፣ በሰው ላከችልኝ። የባሏ አባት ያው የኔ ዓይነት የልብ ትርታ አለባቸው፤ ደም ሳይሰጡ፣ ጎመን ሳይለኩ፣ ፍሬዋን ውጠው ይውላሉ። ሳጥኑን ይዤ ሐኪሜ ዘንድ ሄድኩ። «የሳቸው ከግፊትና ከዕድሜ የመጣ ነው፣ ያንቺ ከበሩ» አለኝ፤ ላንቺ ዓይነቱ በቂ ማስረጃ የለምና ቆዪ አለ። ቆየሁ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በ24 አገሮች፣ ከ4,500 በሚበልጡ እንደኔ ባሉ የሩማቲክ ልብ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ወጣ። አሮጌው የዋርፋሪን ወገን በልጦ ተገኘ፤ አዲሱን ከወሰዱት ይልቅ እሱን የወሰዱት ሞት አነሰባቸው። ሐኪሜ ይህን ሲነግረኝ ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ ግራ ገባኝ። ሳጥኑ ጊዜው እስኪያልፍበት ቁምሳጥን ውስጥ ተቀመጠ።

ክፍል ውስጥ ልጅ ጉሮሮዬን ካለኝ ወላጁን ሳላስጠራ አላድርም። አንዳንዱ አባት ሥራ አስፈታሽኝ ብሎ ይቆጣል። ባለፈው አንዱ «ቲቸር፣ አማርኛ አስተምሪ» አለኝ፤ ጤና ጣቢያ ግን ወስዶት ነበር።

ባለፈው ቀጠሮ ኮሪደሩ ላይ አንዲት አዲስ ልጅ መጣች፤ አሥራ ዘጠኝ ቢሆናት ነው፣ ከአባቷ ጋር ከክፍለ ሀገር። የመጀመሪያ ዋርፋሪኗን በእጇ ይዛለች። ዝቅ ባለ ድምፅ ጎመን ይበላል ወይ ብላ አጠገቧ ያለችውን ሴት ጠየቀች። «ዞር በይ! ጭራሽ!» አለች ሴትየዋ። «ማን አለሽ? እኔ በየቀኑ ነው የምበላው» አለ ከኋላ አንዱ። የአስኮው ሰውዬ ስለ አይጥ መርዙ ሊጀምር ጉሮሮውን ጠረገ። አባትየው ከአንዱ ወደ ሌላው ያያል። እኔ ስለ ጭልፋው ላስረዳ ስነሳ ነርሷ ከበሩ ላይ ጸጥ በሉ ብላ ጮኸች፤ በዚያ መሐል ዋርፋሪን በአፋቸው ዞሮ የማያውቀው ጋሼ በያጁ ከሁላችን ድምፅ በላይ ፈረዱ። «በሥጋ ከሆነ ይበላል!»